«አስገባ» የሚለው ቁልፍ አይታያቸውም ወይስ አይነኩትም? ዓይን መከታተያ የሞከረ ካለ ይምጣ

የጦሳ ልጅ፣ ማክሰኞ ምሽት 2:15

ሰላም ለናንተ ይሁን። ደሴ ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር ሆነን ለዕቁብ የሚሆን አፕ ሠርተናል። አፑ ብር አያንቀሳቅስም። ሴቶቹ ብሩን እንደለመዱት በስልካቸው ለሰብሳቢዋ ይልካሉ። ከዚያ አፑን ከፍተው የዚህን ሳምንት መክፈላቸውን ይመዘግባሉ፣ በቃ። ጸሐፊዋ ደብተር ይዛ ከመዞር ትገላገል ብለን ነው።

የሞከርነው ሰኞ ገበያ በሚነግዱ ሴቶች ዕቁብ ነው። ስማቸውን ይመርጣሉ፤ መጠኑን ይጽፋሉ። ከታች «አስገባ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አለ። እዚህ ሲደርሱ ይቆማሉ። ጥቂት ያዩትና ስልኩን ያጠፉታል። ከዚያ ለጸሐፊዋ ይደውላሉ፣ እሷም በደብተር ትጽፋለች። ስለዚህ አፕ ሠርተን ደብተሩን አጠናከርነው ማለት ነው።

እኔ ቁልፉ አይታያቸውም ባይ ነኝ፤ በጣም ከታች ነው። ጓደኛዬ «ያዩታል፣ ስንፍና ነው» ይላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቅን። ቁልፉን አተለቅነው። ብርቱካናማም አደረግነው። ወይ ፍንክች።

ሰው ስክሪን ላይ የት እንደሚያይ የሚለካ አይ ትራከር የሚባል መሣሪያ እንዳለ አነበብኩ። በላፕቶፕ ካሜራም ይሠራል ይላሉ። ደሴ ወይ ኮምቦልቻ የሞከረ አለ? ገንዘብም ጉልበትም ከማባከኔ በፊት ንገሩኝ።

ቀለም በቀለም፣ ማክሰኞ ምሽት 2:40

አሪፍ ነገር ነው! ሂትማፕ ያወጣልሃል። ብዙ የታየው ቦታ ቀይ፣ ያልታየው ሰማያዊ ይሆናል። ቁልፍህ ሰማያዊ ከሆነ አልታየም፣ አለቀ። ለደንበኛ ስታሳየውም ያምራል።

ባለሱቁ፣ ማክሰኞ ምሽት 3:05

ወንድሜ፣ ሴቶቹን ጠየቅካቸው ግን?

የጦሳ ልጅ፣ ማክሰኞ ምሽት 3:12

ጠይቄያለሁ እንጂ። «ጥሩ ነው ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። አንዷም «አብሽር» ብላ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ወሎ ውስጥ ሰው ለፍቶ ያመጣውን ነገር ፊት ለፊት «አልገባኝም» የሚል የት ይገኛል?

ባለሱቁ፣ ማክሰኞ ምሽት 3:30

እሱስ ልክ ነህ።

እኔ ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ስውል የሰው ዓይን ነው የማየው። መሣሪያ የለኝም እንጂ ሥራዬ እሱ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ አንዱን ብርድ ልብስ አፍጥጦ አየው። ወደደው ብዬ አወረድኩለት። «ኧረ ተወው» አለኝ። ለካ ዋጋውን ገልብጬ ለጥፌው ኖሮ ሊያነብ እየታገለ ነው። ስለዚህ ያ ቀይ ቀለም ምን እንደሚነግርህ እንጃ።

ቦርከና ማዶ፣ ረቡዕ ጠዋት 4:05

ባለሱቁ የብርድ ልብሱን ታሪክ ለተማሪዎቼ ልወስደው ነው፣ ፍቀድልኝ። ኮምቦልቻ ነኝ፣ አስተምራለሁ። ከሥሩ ልጀምር፤ ትንሽ ይረዝማል።

ስናነብ ዓይናችን እንደ ወንዝ የሚፈስ ይመስለናል። አይደለም። እንደ ፌንጣ ነው። ዘለል ይላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይዘላል። ይህ ነገር መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ ነው፣ የዓይን ሐኪሙ ኤሚል ዣቫል በሚሠራበት ክፍል። በንባብ ጊዜ አንዱ ዕረፍት አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ነው። ዓይን በሚዘልበት ቅጽበት ከሞላ ጎደል አናይም። የምናየው ሲያርፍ ነው። ሲያርፍም ጥርት አድርገን የምናየው ትንሽ ቦታ ነው፣ 2 ዲግሪ ያህል። ክንድህን ዘርጋና አውራ ጣትህን እይ። የጣትህ ስፋት ያህል ነው። ሌላው ሁሉ ብዥታ ነው፤ አንጎል ይሞላዋል።

እውነተኛው መሣሪያ የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ ዓይን ይልካል። ብርሃኑ የዓይን ገጽ ላይ ትንሽ ነጸብራቅ ይፈጥራል። ካሜራው በነጸብራቁና በብሌኑ መካከል ያለውን ርቀት እየለካ ወዴት እንደምታይ ያሰላል። በደንብ ከተስተካከለ ስህተቱ ከ1 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ግን ውድ ነው፣ እኛም ጋ የለም።

በላፕቶፕ ካሜራ የሚሠራው ነፃው ዌብጌዘር ነው። አሜሪካ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ነው የተሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው የወጣው። ብሮውዘር ውስጥ ይሠራል፤ ቪዲዮው ከኮምፒውተርህ አይወጣም። ይህን ለሴቶቹ ንገራቸው፣ መብታቸው ነው። ስህተቱ ግን ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል። ስክሪኑ ከፊትህ 60 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ 1 ዲግሪ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ 4 ሴንቲ ሜትር ልትስት ነው። የስልክህ ስክሪን ወርዱ ስንት ነው? 7 ቢሆን ነው። ስልክ ላይ አትሞክረው።

እንዲህ አድርግ። የአፑን ገጽ ላፕቶፑ ላይ አግዝፈው። ስም፣ መጠንና ቁልፍ ብቻ ይኑሩ፤ ሌላውን አውጣው። በመካከላቸው ስክሪኑ የፈቀደውን ያህል ሰፊ ክፍተት ይኑር። ያኔ መሣሪያው ቢስትም «ቁልፉ ላይ ነች» ወይም «መጠኑ ላይ ነች» ለማለት ይበቃሃል። «አስ» ላይ ነች ወይስ «ገባ» ላይ ነች ብለህ ግን አትጠይቀው።

አንድ ወጥመድ አለ። ዌብጌዘር የሚማረው ከማውስ ነው። የተጫንክበትን ቦታ «ዓይን እዚህ ነው» ብሎ ይይዘዋል፤ ማውሱ ሲንቀሳቀስም ይማራል። መጀመሪያ መሣሪያውን ለማስተካከል ስክሪኑ ላይ የሚወጡትን ነጥቦች እሷ ታያለች፣ አንተ ትጫናለህ። ከዚያ ይህን መማሩን አጥፋው። አለዚያ የምትለካው የራስህን እጅ ነው። አንድ ተማሪዬ አንድ ወር ሙሉ የገዛ እጁን ለክቷል :)

ሥራውን ስታዛቸውም አነጋገርህን ጠብቅ። ሩሲያዊው አልፍሬድ ያርቡስ ለሰው አንድ ሥዕል ብቻ እያሳየ ጥያቄውን ይለዋውጥ ነበር። የሰዎቹን ዕድሜ ገምት ሲለው ዓይን ፊት ላይ ይሰፍራል። ሀብታም ናቸው ወይ ሲለው ዕቃውንና ልብሱን ይዞራል። ስለዚህ «ቁልፉን ፈልጉ» ካልክ ዓይናቸው ወደ ቁልፉ ይሄዳል፤ ፈተናው ተበላሸ። «የዚህን ሳምንት ይመዝግቡ» በልና ዝም በል።

ዓይን ክፍል፣ ረቡዕ ከሰዓት 8:20

ሰላም። ደሴ የዓይን ነርስ ነኝ። ሦስት ነገር ልጨምር።

ኩል። የሰኞ ገበያ ሴቶች ኩል ይኳላሉ። መሣሪያው የዓይንን ቅርጽ ስለሚፈልግ ወፍራም ጥቁር መስመር ያደናግረዋል። በማስካራ የታወቀ ችግር ነው፤ ኩልም ያው ነው።

የዓይናችን ቀለም። ብሌን ጥቁር ነው፣ ዙሪያው ደግሞ ጥቁር ቡናማ። በተራ ካሜራ አይለያዩም። በኢንፍራሬድ ሲሆን ይለያሉ። ስለዚህ መምህሩ ያሉት 4 ዲግሪ እናንተ ጋ ሊብስ ይችላል። መብራቱን ከፊት አድርጉት፤ መስኮት ከኋላ አይሁን።

ሦስተኛው ነው የሚያሳስበኝ። ሴቶቹ ዕድሜያቸው ስንት ነው? ከ40 በኋላ የቅርብ እይታ ይደክማል። የልብስ ስፌት መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ እጇን የምታርቅ እናት አይተሃል? ስልኩንም እንደዚያ ነው የምትይዘው። አንተ ደግሞ ጽሑፉን አግዝፈህ 60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ልታስቀምጥላት ነው። እዚያ ደህና ታነባለች፣ ስልኳ ላይ ግን አታነብም። ፈተናህ አንዱን ችግር ሲያሳይህ ሌላውን ይደብቅብሃል።

የጦሳ ልጅ፣ ረቡዕ ከሰዓት 9:00

እህቴ፣ ይህን ጭራሽ አላሰብኩትም። አብዛኞቹ ከ45 በላይ ናቸው።

ፈትል ክፍል፣ ረቡዕ ምሽት 1:50

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ነው የምሠራው። ስለ ዕቁብ አላውቅም፣ ስለ ስክሪን ግን አንድ ነገር ልበል።

ማሽናችን በጎኑ ፓነል አለው። አንድ ችግር ሲመጣ ፓነሉ ላይ ጽሑፍ ይወጣል። አለቃ «ጽሑፉ ወጥቶ እያለ ለምን አላያችሁም?» ብሎ ይቆጣል። እንዴት እንየው? ዓይናችን ክሩ ላይ ነው! ክር ሲበጠስ የሚታየው እዚያ ነው። ፓነሉን ወርቅ ብትቀባውም ሠራተኛ አያየውም። በመጨረሻ አንዱ ቴክኒሻን ጩኸት ገጠመለትና ተገላገልን። አንዳንዴ ነገሩ የዓይን ሥራ አይደለም ለማለት ነው።

ቦርከና ማዶ፣ ረቡዕ ምሽት 2:30

ፈትል ክፍል፣ ዓይንን እየተከታተሉ መሣሪያ ማሻሻል የተጀመረውም ከፓነል ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ፖል ፊትስና ባልደረቦቹ አብራሪዎች ለማረፍ ሲወርዱ የትኛውን መለኪያ እንደሚያዩ በፊልም ካሜራ ቀረጹ። አሁን ላይም የምንጠቀምበትን ነገር ያኔ ተናገሩ። ዓይን ደጋግሞ የሚመለስበት መለኪያ ለሥራው አስፈላጊ የሆነው ነው። ረጅም ጊዜ የሚቆምበት ደግሞ ለማንበብ የሚያስቸግረው ነው።

ባለሱቁ፣ ረቡዕ ምሽት 2:41

የተገለበጠ ዋጋ!

ቦርከና ማዶ፣ ረቡዕ ምሽት 2:44

የተገለበጠ ዋጋ።

ቀለም በቀለም፣ ሐሙስ ጠዋት 3:10

መምህር፣ ሂትማፕን እንዲህ አታዋርዱት እንጂ። ትልልቅ ድርጅቶች ይጠቀሙበታል። ሰው ድረ ገጽን በእንግሊዝኛው ኤፍ (F) ቅርጽ እንደሚያነብ የታወቀው በሱ አይደለም እንዴ?

ቦርከና ማዶ፣ ሐሙስ ጠዋት 3:55

ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው የጃኮብ ኒልሰን ቡድን ነው ያወጣው። ግን የተሳተፉት ሰዎች 232 ነበሩ። ያው ኒልሰን ለአንድ ሂትማፕ 39 ሰው ጋብዙ ብሎ መክሯል። ችግር ለማግኘት ብቻ ከሆነ ግን 5 ሰው ይበቃል የሚለው የታወቀ ምክሩ ነው። የጦሳ ልጅ ሰባት ሴት ቢያገኝ ነው። ከሰባት ሰው የተሠራ ሂትማፕ ሥዕል ነው፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

ባይሆን የእያንዳንዷን የዓይን ጉዞ ለብቻው ይየው። ቀጥሎ ደግሞ ቅጂውን ለራሷ ያሳያትና «እዚህ ጋ ምን እያሰቡ ነበር?» ይበላት። እየሠራች ሳለች ግን አታስወራት፤ ሰው ሲያወራ ዓይኑ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ቀለም በቀለም፣ ሐሙስ ጠዋት 4:02

ለደንበኛ ሲቀርብ ያምራል ያልኩትን ግን አልስብም :)

የጦሳ ልጅ፣ እሁድ ምሽት 3:20

ሞከርነው! ቁጭ በሉና ስሙ።

ጸሐፊዋ ቤት ነው ያደረግነው። ቡና ተፈላ። ሰባት ሴቶች መጡ። ካሜራው ምን እንደሚሠራ፣ ቪዲዮውም የትም እንደማይሄድ ነገርናቸው። አንዷ «ፊቴን ለማንም አታሳይ፣ ቢዝነሴ ይበላሻል» ብላ ሳቀች፤ ግን ከልቧ ነው። ቃል ገባን።

የመጀመሪያዋ እንዳለቀች ጉም ወረደ። የደሴ ነገር ታውቃላችሁ፣ የመስኮቱ ብርሃን በአንዴ ጠፋ። መብራት አብርተን ነጥቦቹን ከመጀመሪያው ደገምን። ሁለቱ አልሆኑም። አንዷ መነጽሯ ያንጸባርቃል። ሌላዋ ኩል ተኩላለች፤ ዓይኗ ጣሪያ ላይ ነው ይላል መሣሪያው። «ትንሽ ብናስለቅቀውስ?» ብል አየችኝ። ዝም አልኩ። አምስት ቀሩ።

ውጤቱ። እኔ ተሸንፌያለሁ። አምስቱም ቁልፉን አይተውታል! ያውም ቶሎ። መጠኑን እንደጨረሱ ዓይናቸው ወዲያው ወደ ታች ወረደ። ጓደኛዬ ጮቤ ረገጠ።

ግን ቀጥሎ ያለውን እዩ። ቁልፉ ላይ ቆመች። ወደ መጠኑ ወጣች። ወደ ቁልፉ ወረደች። ደግሞ ወደ መጠኑ። አንዷ ላይ ስቆጥር 6 ጊዜ ተመላልሳለች። አምስቱም ያው ናቸው፤ ቁልፍ፣ ብር፣ ቁልፍ፣ ብር። ሰነፍ ሰው እንደዚህ አይመላለስም።

ቅጂውን መልሰን አሳየናቸው። ነጥቡ ሲዘል አይተው ሳቁ። «እዚህ ጋ ምን እያሰቡ ነበር?» አልኩ። ዝም። ከዚያ አንዷ ስኒዋን አስቀምጣ እንዲህ አለች፦

«ብሩን እኮ ልኬያለሁ ልጄ። እሱ ደግሞ አስገባ ይለኛል። ሁለተኛ ቢቆርጥብኝስ?»

ቤቱ በአንዴ ተንጫጫ። ለካ ሁሉም እሱን ነው የፈሩት! እኛ «አስገባ» ያልነው ቅጹን አስገባ ለማለት ነው። ኮምፒውተር ላይ የለመድነው ቃል ነው። እነሱ ጋ ግን አስገባ ማለት ብር አስገባ ነው። ዕቁብ ላይ ሌላ ምን ይገባል? ሌላዋ ደግሞ «እኔስ ወንዱን ነው የሚያዘው ብዬ ለባሌ ተውኩለት» አለች። ሳቅ ሆነ።

ጓደኛዬ ስንፍና ያለውን ዋጠ። ቀና ሳይል ቆሎውን ሲቆረጥም አመሸ።

ፈትል ክፍል፣ እሁድ ምሽት 3:41

ሁለተኛ ቢቆርጥብኝስ!! ወላሂ ልክ ናት። እኔም አልነካውም ነበር።

ባለሱቁ፣ እሁድ ምሽት 3:50

ታዲያ ይህን ሁሉ ካሜራ ምን አመጣው? መጀመሪያ ጠይቅ ብዬ ነበር።

ቦርከና ማዶ፣ እሁድ ምሽት 4:10

መጀመሪያ ሲጠይቃቸው «ጥሩ ነው ልጄ» ነው ያሉት እኮ። ያኔ የጠየቀው ስለ አፑ ነው፤ አፑን ማማት ነውር ሆነባቸው። አሁን የጠየቀው ስለ ገዛ ዓይናቸው ነው። ማስረጃው ፊታቸው ነበር፣ እሱ ላይ ማውራት ቀለላቸው።

ባለሱቁ፣ እሁድ ምሽት 4:16

ቡናው ነው ያናገራቸው እላለሁ እኔ።

ዓይን ክፍል፣ እሁድ ምሽት 4:25

እንኳን ደስ አለህ። አሁን ቃሉ ማን ሊባል ነው?

የጦሳ ልጅ፣ እሁድ ምሽት 4:31

«ላክ» ብል ይብሳል፣ እሱም ብር ነው። «መዝግብ» ብል ወንድ ነው። «መዝግቢ» ብል ወንድ አባል ቢመጣ ይከፋዋል። «ይመዝግቡ» ብል የቀበሌ ማስታወቂያ መሰለ።

ፈትል ክፍል፣ እሁድ ምሽት 4:38

«ከፍያለሁ» በለው።

የጦሳ ልጅ፣ እሁድ ምሽት 4:39

ኧረ አንተ ሰው! ወንድም ሴትም ይለዋል። ማንንም አያዝም። ብሩም ያለፈ ነገር ሆነ።

ቦርከና ማዶ፣ እሁድ ምሽት 4:52

አምስቱ ላይ ብቻ እንዳታቆም። አሁን ምክንያቱን ያውቁታል፤ ቃሉ ባይቀየርም ሊነኩት ይችላሉ። አፑን አይተውት ለማያውቁ ሴቶች ስጥ። ካሜራ አያስፈልግህም፤ ነኩት ወይስ አልነኩትም ብቻ ነው። በየስልካቸው ይሁን፣ እህታችን ያለችውን አትርሳ።

የጦሳ ልጅ፣ ረቡዕ ምሽት 2:05

ከሌላ ዕቁብ አምስት ሴቶች፣ በየራሳቸው ስልክ። ቁልፉ «ከፍያለሁ» ነው። ከሥሩ በትንሹ «ብር አይቆረጥም» ጨመርንበት። አራቱ ሳይጠይቁ ነኩት። አምስተኛዋ ስልኩን አርቃ፣ አቅርባ፣ ደግሞ አርቃ መጨረሻ ላይ ለእኔ ሰጠችኝ። «አንተ አንብብልኝ፣ የኔ ጌታ።»

ዓይን ክፍል፣ ረቡዕ ምሽት 2:14

ብዬህ ነበር። ፊደሉን አተልቀው። እሷንም ለምርመራ ላካት፣ የንባብ መነጽር ብቻ ይሆናል።

የጦሳ ልጅ፣ ረቡዕ ምሽት 2:20

ሁለቱንም አደርጋለሁ።

ባለሱቁ፣ ረቡዕ ምሽት 2:33

ደብተሩስ?

የጦሳ ልጅ፣ ረቡዕ ምሽት 2:35

ደብተሩ አለ። ጸሐፊዋ አልጥልም ብላለች። አፑን እያየች ወደ ደብተሩ ትገለብጣለች።